አሥራ ስምንት የጭራ ፀጉር

ጥቅምት 9

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ሥጋ ስታይ ለምትውል ልጅ ፈጣሪ ጣቶቿን ይጠብቅልኝ። እኔና አክስትሽ ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ነን። እናትሽም ባለፈው ሳምንት መጥታ ቤቱን ከደጅ እስከ ጓዳ ነቅፋ ሄደች፤ ጤነኛ ናት ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ቆሽቴ አሯልና ብዙ ሰላምታ አልችልም። ያ የላክሽልኝ ዋግዩ የሚሉት የጃፓን ከብት ዘር ምንድን ነው? አንቺ ባልሽው መሠረት አዳቃዩን አምጥቼ ሠላሳ ላም አስዳቀልኩ። ሃያው ያዘ፤ አሥራ ስምንቱ ወንድ ወለዱ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጥጃ! ተመስገን ብለን ተቀበልን። ይኸው ዐሥር ወር ሆናቸው። ታፋ የለ፣ ሽንጥ የለ፣ ደረት የለ! ከኋላ ሲታዩ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ካፖርት ነው የሚመስሉት። የጎረቤቴ ተራ ወይፈኖች በስምንት ወራቸው በትከሻ ይበልጧቸዋል።

ቅዳሜ ዕለት አራቱን ገበያ ወሰድኳቸው። ልሸጥ አይደለም፣ ለማሳየት ያህል። አንዱ ደላላ በሰው ፊት «ሚዛኑ፣ ፍየል ንግድ ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔን! አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ከብት ሊገዛ ሲል «ቆይ፣ ሚዛኑ ይየው» የሚባልልኝን ሰውዬ! በዓይኔ አይቼ ኪሎውን ስናገር ከብረቱ ሚዛን የምለየው ቢበዛ በሦስት ኪሎ ነው፤ ስሙን ያወጡልኝም ለዚሁ ነው። የዚያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ዘሩ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ካልተቀየረም የሚያሰባ መድኃኒት ላኪ። ስልክ አትደውይ፤ ስልክ ላይ ስናደድ ጎረቤት ጠብ መስሎት ይሰበሰባል። በደብዳቤ መልሺልኝ፣ ቶሎ።

አጎትሽ ሚዛኑ


ኅዳር 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ ከብርዱ ጋር ከተስማማን ቆየን፤ አያስቡ። አክስቴን ጉልበቷን በሙቅ ጨርቅ ይያዙልኝ። እናቴ ቤታችሁን መንቀፏን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ የኔን ቤት የሚነቅፍልኝ ሰው አጥቼ ነው የከረምኩት።

አጎቴ፣ በሞቴ፣ ከብቶቹን ገበያ አይውሰዷቸው! ለማሳየትም ቢሆን። ዘሩ አልተቀየረም። የዋግዩ ክልስ በልጅነቱ እንዲሁ ነው፤ ከሲታ፣ ኋላው የጠበበ፣ አጥንቱ የሚቆጠር። እርስዎ የሚወዱት ታፋ እሱ ላይ አይመጣም። የሱ ጮማ ከውጭ አይታይም፤ እንደ ቀጭን ክር ሥጋው መሃል ነው የሚገባው፤ እሱም ብዙ መኖ በልቶ፣ ሠላሳ ወር ሲሞላው።

ሥራዬን በወጉ ነግሬዎት አላውቅም። ጠዋት ነጭ ካፖርትና የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጌ ማቀዝቀዣው ውስጥ እገባለሁ። ከብቶቹ ለሁለት ተሰንጥቀው መንጠቆ ላይ ተንጠልጥለው ይጠብቁኛል። በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው ጎድን መካከል ተቆርጦ ይከፈትልኛል፤ በባትሪ አይቼ ደረጃውን እናገራለሁ፣ ማህተሜን አሳርፋለሁ። ቁጥሬ አርባ አንድ ነው። በቁሙ እርስዎን ራስዎን የሚያስጨበጭብ ስንት ሰንጋ ሲከፈት ደረቅ ሆኖ አይቻለሁ መሰለዎት!

እዚህ ባሕር ማዶ የምሠራበት ድርጅት እናንተ ጋ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ካለው ቄራ ጋር ውል አለው። አሥራ ስምንቱን በሠላሳ ወራቸው ይረከባል፤ ዋጋውም የተራ ሰንጋ ሦስት እጥፍ ነው። በዚህ የተስማማው እኔን አምኖ ነው። «እነዚህን አሥራ ስምንት የጆሮ ቁጥሮች የያዙት ከብቶች አባታቸው ዋግዩ ነው» በሚለው ወረቀት ላይ ያረፈው ማህተም የኔ ነው። እዚህ አንድ ጊዜ በሐሰት ማህተም ያሳረፈ የሥጋ ደረጃ መዳቢ ዳግመኛ ሥጋ አያይም። ስለዚህ ሰው ቢስቅም ይቻሉት። ፎቶ ይላኩልኝ፣ በተለይ ከኋላ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 28

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ከጓሮዬ ሣር የበዛ ሰላምታ ይድረስሽ። እንጀራሽን ይባርክ፣ አለቆችሽን ያለስልስልሽ፣ ቀኝ እጅሽን ከቢላ ይጠብቅልኝ። ዘግይቼ ስለጻፍኩ አትቆጪ፤ ሥራ ነው።

ክልሶቹ አሁን ሌላ ሆነዋል! ብታዪያቸው አታውቂያቸውም። ታፋቸው ሞልቶ፣ ጀርባቸው ላይ ፍራሽ ዘርግቶ መተኛት ይቻላል። ያ ደላላ ራሱ «ሚዛኑ፣ እነዚህንስ ከየት አመጣሃቸው?» ብሎ አፉን ከፍቶ ቀረ። መድኃኒቱም ይቅር፣ አያስፈልግም። ይልቅ የጆሮ ቁጥር የሚበሳበትን መቆንጠጫ ላኪልኝ፤ አዳቃዩ የሱን አላውስም ብሎኛል። ቁጥሮቹ እየላሉ ነው፤ አንዳንዱማ መሬት ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት።

ፎቶ ላልሽው የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል። እናትሽ ጣሪያዋን አሳደሰች፤ ቆሜ ያሠራሁላት እኔ ነኝ፤ ታመሰግነኛለች ብለሽ እንዳትጠብቂ። የአክስትሽ ጉልበት እንዳለ ነው።

አጎትሽ


ግንቦት 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ እመኛለሁ። እናቴን ጣሪያ ስላሠሩላት እኔ አመሰግናለሁ፤ ከሷ አይጠብቁ።

መቆንጠጫውን ልኬያለሁ። ግን አጎቴ፣ የጆሮ ቁጥር እንዴት ይወድቃል? ጆሮው ካልተቀደደ አይወድቅም። ስንቱ ነው የወደቀው? የትኛው የየትኛው እንደሆነ በምን ለዩት? ደግሞ ይሄ የሞላ ታፋ ከየት መጣ? እኔ ታፋ አይመጣም ብዬ ጽፌ እርስዎ መጣ ሲሉኝ ደስ ሊለኝ በተገባ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ስደውል አክስቴ «ገበያ ሄዷል» ትለኛለች። ማክሰኞ ገበያ፣ ሐሙስ ገበያ፣ እሑድም ገበያ! ድምጿም ደስ አይልም። የጎረቤት ስልክ ለምነው ፎቶ ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 18

አጎቴ፣

ሁላችሁም ደህና መሆናችሁን ከእናቴ ሰምቻለሁ፤ ከእርስዎ ግን ስምንት ወር ሙሉ አንዲት መስመር አላየሁም። ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ምን አድርጌዎት ነው? ቅር ካለዎት ይሳደቡ፤ ስድብዎትን ለምጄዋለሁ፣ ዝምታዎትን ግን አልለመድኩትም።

ለማንኛውም ድርጅቱ ርክክቡን ሊያደርግ ነው። ከዚያ በፊት ከእያንዳንዱ ከብት የጭራ ፀጉር ይፈልጋል፤ ዘሩ የሚመረመረው በሱ ነው። ፀጉሩ እንዳይቆረጥ፤ ከነሥሩ ይነቀል፣ ከያንዳንዱ ሠላሳ ሠላሳ ያህል። የእያንዳንዱ ለብቻው ፖስታ ውስጥ ይግባ፤ ፖስታው ላይ የጆሮ ቁጥሩ ይጻፍ። አሥራ ስምንት ከብት፣ አሥራ ስምንት ፖስታ። እባክዎን በጥንቃቄ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 20

ለብርሃኔ፣ ለእህቴ ልጅ፣ ለቤተሰባችን መከበሪያ፣

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ደራርቦ ይስጥሽ። ባለሥልጣን ያድርግሽ። ክፉ አይንካሽ።

ፖስታዎቹ ይኸው። ሁሉም ከነሥሩ ተነቅሏል፣ ቁጥሩም በአክስትሽ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። እንዳልሽው አሥራ ስምንት ነው፤ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። በቃ፣ ሌላ የሚነገር ነገር የለም። ሁሉም ሰላም ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 11

አጎቴ፣

ሰላምታ ልጽፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ውጤቱ መጣ። አሥራ ስምንቱ ፖስታ ዋግዩ ነው። ደስ ይበልዎት፣ ሁሉም የዋግዩ ክልስ ነው። ችግሩ አሥራ ስምንቱም አንድ ከብት መሆናቸው ነው። ወንድማማች አይደሉም፣ መንታ አይደሉም፤ አንድ በሬ፣ አንድ ጭራ! መርማሪው መጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሁለት ጊዜ ደግሞታል። ከዚያ ኃላፊዬ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «ይህን ታስረጂኛለሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? አጎቴ የአንድ በሬ ጭራ ላይ ቁጭ ብሎ አሥራ ስምንት ጊዜ ነጨ ልበላት?

ማህተሜን እዚያው ፊቴ ወሰዱት፤ መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። አሁን መንጠቆ አጣቢ ነኝ። ጠዋት በሙቅ ውኃና በሶዳ የደም መንጠቆ እፈትጋለሁ። አምና ያሠለጠንኳት ልጅ በባትሪዋ ሥጋ እያየች ስታልፍ ሰላም ልበላት አልበላት ግራ ይገባታል። ከኋላዬ «ባለ አንድ ጭራዋ» ይሉኛል፤ ሰምቻቸዋለሁ።

አሥራ ሰባቱ የት ናቸው? መቆንጠጫውን ራሴ በገንዘቤ ገዝቼ፣ በእጄ አሽጌ ልኬልዎታለሁ! ምን እንደበሱበት አሁን ነው የገባኝ። ድርጅቱ እኔም የማውቅ መስሎታል። አንድ ነገር ብቻ ያድነኛል፤ ምን እንዳደረጉና እኔ እንዳላወቅሁ ጽፈው ይፈርሙ። እውነቱን ብቻ። ነገ ዛሬ ሳይሉ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 3

አንቺ ልጅ!

እኔን በጽሑፍ ሌባ ለማለት ደረስሽ? ይህችን ልጅ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

እውነቱን ፈለግሽ፤ እንኪ። «ገበያ አይውሰዷቸው» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ከሸጥኳቸው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። አዎ ሸጥኳቸው! ያን የመሰለ ውርደት በየቀኑ ጓሮዬ ሲግጥ እያየሁ መኖር አልቻልኩም። ከቢራ ፋብሪካው ጀርባ አተላ እያበላ ከብት ለሚያደልብ ሰውዬ በጅምላ ሰጠሁት፤ እሱም እያዘነልኝ ነው የገዛኝ። ቁጥሮቹን ከጆሯቸው ቆርጬ አስቀረሁ። አንዱን አክስትሽ «ይሄማ እኔን ነው የሚከተለኝ» ብላ ገመዱን ይዛ አልለቅም አለች፤ እሱ ቀረ።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ምን ላድርግ? ሂጄ «ሞኝ ነበርኩ፣ መልስልኝ» ልበለው? እኔ? በራሴ ዓይን መርጬ አሥራ ሰባት ሰንጋ ገዛሁ፤ እንኳን የእናንተ ድርጅት፣ ማንም ንጉሥ አይቶ የማይጠግባቸው! ያንቺን ቁጥር አደረግኩባቸው። ሥጋ ነው የፈለጋችሁት፤ ሥጋ አዘጋጀሁላችሁ። ቀጥሎ ፀጉር አላችሁ። የዋግዩ ፀጉር ፈለጋችሁ፣ የዋግዩ ፀጉር ላክሁ። ፀጉር እንደ መታወቂያ የባለቤቱን ስም ይናገራል ብሎ ማን አሰበ? አምስት መቶ ምናምን ፀጉር ስነቅል በሬው ሁለት ጊዜ ረግጦኛል። አሁን ዝንብ የሚያባርርበት ጭራ የለውም፤ አክስትሽ ናት በነጠላዋ የምታባርርለት።

ወረቀቱን ግን አልፈርምም! ሚዛኑ ውድ ዘር በጁ ይዞ ከሲታ ነው ብሎ ጣለው ከተባለ፣ ከነገ ወዲያ ማን ከብት ያስየኛል? ከዚህ ሌላ ምን አለኝ? መሬት ወርሼ አይደለም የኖርኩት፣ በዓይኔ ነው። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ሌላ ሥራ ታገኛለሽ።

አጎትሽ


ግንቦት 24

አጎቴ፣

«ሌላ ሥራ ታገኛለሽ» የሚለውን መንጠቆ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ እጄን አጥቤ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ለመዳቢነት ስፈተን «ከብት ማየት ማን አስተማረሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከሰባቱ ተፈታኞች ትምህርት ቤት ያልጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። «አጎቴ» አልኩ። ሳቁብኝ። ከዚያ ሥጋውን አሳዩኝ፤ አንዱንም አልሳትኩም። እንዲህ አድርገው ያስተማሩኝን ሥራ ነው አሁን «ሌላ ታገኛለሽ» የሚሉኝ።

መሬት አልወረስኩም ይላሉ። እኔስ ምን ወረስኩ?

ሐምሌ 15 ቀን ጉዳዬ ይታያል። ከርስዎ የተፈረመ ቃል ከሁለት ምስክሮች ጋር ከመጣ ማህተሜ ይመለሳል። ካልመጣ ስሜ ከመዳቢዎች መዝገብ ይሰረዛል፤ ሌላም ድርጅት አይቀጥረኝም። ከዚህ በኋላ አልለምንም፣ አልጽፍም፣ አልደውልም። አክስቴን ሳሙልኝ። ለእናቴ እርስዎ ይንገሯት፤ እኔ አልችልም።

አርባ አንድ ቁጥር የነበረችው


ሰኔ 19

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬን ብትቀበይም ባትቀበይም ጤና ይስጥሽ። አሁንም ተናድጄብሻለሁ፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂው። «እኔስ ምን ወረስኩ» ብሎ ለአጎት አይጻፍም። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ከመናገር ሦስተኛ ጊዜ በበሬ መረገጥ ይሻለኛል።

ሰኔ 5 ጠዋት የሠፈራችን ባለልኳንዳ ሰው ላከብኝ። «ናና የሸጥከውን በሽተኛ ውሰድ!» አለ። ያ አድላቢ አንዱን ጥቁር ዓመት ተኩል አተላ ሲያበላው ከርሞ፣ እንደ ሌላው አላምር ሲለው በርካሽ ሰጥቶታል፤ ከማን እንደገዛውም ነግሮታል። ስደርስ ባለልኳንዳው ሽርጡን አውልቆ ጥሎ በሩ ላይ ይጮሃል። «ሥጋው ሁሉ ነጭ በነጭ ነው! ትል ይሁን መግል ይሁን አላውቅም! ደንበኛ ሁለት ኪሎ ገዝቶ ሄዶ ተመልሶ ፊቴ ላይ ወረወረው!» ቢላውን አነሳና ጎድኑ መሃል ከፈተልኝ።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አንቺ የጻፍሽው ነገር ነው። ቀዩ መሃል ነጩ እንደ ክር፣ እንደ ክር ሆኖ፣ ከዳር እስከ ዳር። አርባ ዓመት ከብት ሳይ እንዲህ ያለ ሥጋ አላየሁም። «በሽታ አይደለም» ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በሽታ ካልሆነ ለምን ጣልከው ይለኛላ! ሦስት ኪሎ ገዝቼ ወጣሁ። በቀጥታ አድላቢው ጋ ሮጥኩ። አንድም አልቀረም። ሁሉም እንዲሁ በርካሽ ሄደዋል፤ ግማሹን ሰው ለውሻ ጥሎታል አለኝ፣ እየሳቀ።

አክስትሽ ሥጋውን መጥበሻ ላይ ጣል አደረገችው። ዘይት አልጠየቀም፤ በራሱ ጮማ ተጠበሰ። ቀመሰች። አንዴ ደገመች። ከዚያ ሹካዋን አስቀመጠችና «ይሄን ነው የሸጥከው?» አለችኝ። ምነው ያን ቀን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እኔም ቀመስኩት። ስለ ጣዕሙ አልነግርሽም፤ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሳምንት ሙሉ ስናደድ ቆየሁ። ባንቺ፣ በደላላው፣ በፖስታ ቤቱ፣ በዚያ ጭራ በሌለው በሬ። ስጨርስ ከራሴ በቀር የቀረ ሰው አልነበረም። የፈለግሽው ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል። በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት።

አጎትሽ


ለሚመለከተው ሁሉ

እኔ ከብት ነጋዴ ነኝ፤ በገበያ ስሜ ሚዛኑ እባላለሁ። የእህቴ ልጅ ባለ አርባ አንድ ቁጥር መዳቢ የዋግዩ ዘር ልካልኝ አሥራ ስምንት ወንድ ክልስ አግኝቼ ነበር። አሥራ ሰባቱን ከሲታ ናቸው፣ አይረቡም ብዬ በራሴ ዓይን ፈርጄ ሸጥኩ። ማንም አላሳሳተኝም። የጆሮ ቁጥራቸውን ቆርጬ ተራ ሰንጋ ላይ አደረግሁ። ከቀረው ከአንዱ በሬ ጭራ ነቅዬ አሥራ ስምንት ፖስታ ሞላሁ። እሷ አላወቀችም። ጠረጠረችና ጠየቀችኝ፤ ዋሸኋት። ፎቶ ለመነችኝ፤ ካሜራው ተበላሽቷል አልኳት። ካሜራው ደህና ነው።

የሸጥኳቸው ከብቶች በዕድሜዬ ካየሁት ሥጋ ሁሉ የሚበልጥ ሥጋ ነበራቸው። እኔ አላየሁትም። እሷ ግን ሳትነካቸው፣ ሳታያቸው፣ በደብዳቤ ነግራኝ ነበር።

ሁለት ምስክር ይበቃል ተብያለሁ። እኔ ግን ይህን ቃል ቅዳሜ ዕለት ገበያው ሞልቶ ሳለ የከብት መመዘኛው ላይ ወጥቼ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ከሰሙት ነጋዴዎችና ደላሎች ሠላሳ አራቱ ከዚህ በታች ፈርመዋል። የሳቁትም ፈርመዋል።